ከቢ1 በኋላ የማታ ፈረንሳይኛ ክፍል ለምን ያስፈልጋል?

(ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ጨርሰው ለመቀጠልና ላለመቀጠል ለሚያመነቱ የማታ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ያደረግኩት ንግግር፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚ መግቢያ ሳላበዛ ወደ ነገሬ ልግባ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ከቢ1 ቀጥሎ ባለው ደረጃ፣ ቢ2 ላይ፣ የማታ ክፍል ትልቁ ጥቅሙ የሚሞግታችሁ ሰው ማግኘታችሁ ነው። ሰዋስውን ቤታችሁ ታነቡታላችሁ፣ ቃላቱን ስልካችሁ ላይ ታጠናላችሁ፣ ዜናውን ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ሰክታችሁ ትሰሙታላችሁ፣ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ «እኔ አልስማማም፣ ለምን እንደዛ አልክ?» የሚላችሁ ሰው ግን ቤት ውስጥ የለም፣ ስልክ ውስጥም እንደልብ አይገኝም። እኔ ስንት ዓመት ማታ ማታ ሳስተምር ያየሁት ይሄንን የገባቸው ተማሪዎች ሲያልፉ፣ ሰዋስው ሊሰሙ ብቻ የሚመጡት ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀሩ ነው።

ብዙ ሰው ከቢ1 በኋላ ለምን እንደሚያቆም ላስረዳ። እስከ ቢ1 ድረስ ለውጡ ለራስህም ይታይሃል፣ ባለፈው ወር ስለራሱ ሁለት መስመር መናገር የማይችል ሰው ዛሬ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጉዞው ያወራል፣ ደስ ይላል፣ ቤተሰብም ያደንቃል። ከዛ በኋላ ግን ለውጡ አይታይም። ሦስት ወር ተምረህ የምታወራው ያው የድሮው ይመስልሃል፣ እንደውም ስህተትህን ማወቅ ስለጀመርክ የባሰብህ ይመስልሃል። አልባሰብህም። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃዎች ማዕቀፍ ቢ2ን ሲገልጽ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ጋር ሁለታችሁም ሳትጨነቁ ማውራት፣ ስለ ተጨባጭም ስለ ረቂቅም ጉዳይ የተጻፈ ከበድ ያለ ጽሑፍ ዋና ሐሳቡን መረዳት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ያለህን አመለካከት ጥቅምና ጉዳቱን እያነሳህ ማስረዳት ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ቃል ከመቁጠር ጋር ብዙም አይገናኝም። ጊዜውንም ካያችሁት፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ ከ360 እስከ 400 ሰዓት፣ ቢ2 ለመድረስ ደግሞ ከ560 እስከ 650 ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል ነው የሚለው፣ ማለትም መሃል ላይ ከ200 እስከ 250 ሰዓት አለ። በሳምንት ሁለት ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚማር ሰው ዓመት ወይም ከዛ ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ማለት ነው። ስለዚ በሦስት ወር ምንም አልተለወጥኩም ብላችሁ አትደንግጡ፣ መንገዱ ራሱ ረጅም ነው።

ደግሞ ፈረንሳይኛ ለዚች ከተማ እንግዳ አይደለም። ፒያሳ አካባቢ ያለው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት፣ አሊያንስ፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ ሊሴ ገብረማርያም የተከፈተው በ1947። ያኔ ፈረንሳይኛ የባቡሩ፣ የቤተ መንግሥቱና የዲፕሎማሲው ቋንቋ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ ጥርት አድርገው ይናገሩ ነበር፣ ሆኖም እ.ኤ.አ. ሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ በአማርኛ ነው የተናገሩት፣ ይሄን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ዛሬ ደግሞ ምክንያታችሁ ሌላ ነው። አፍሪካ ኅብረት እዚሁ ነው፣ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። ዕቃችን የሚገባበት የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው። አየር መንገዳችን ዳካር፣ አቢጃን፣ ሎሜ፣ ኪንሻሳ ይበራል። ካናዳ ማመልከት የሚፈልገውም ብዙ ነው፣ ፈረንሳይ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ደግሞ ከጃንዋሪ 1 2026 ጀምሮ ዜግነት ለመጠየቅ ቢ2 ግዴታ ሆኗል፣ ከዛ በፊት ቢ1 ነበር የሚበቃው። ምክንያታችሁን እኔ አልመርጥላችሁም፣ ብቻ ምክንያቱ የእውነት ይሁን፣ ምክንያቱ የእውነት የሆነ ሰው ዝናብም ሆነ የታክሲ ሰልፍ አያስቀረውም።

አሁን ወደ ክፍሉ ውስጥ ላስገባችሁ። አንድ ማታ ርዕሳችን ከተማ መሃል መኪና ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚል ነበር። በ2011 ዓ.ም. እዚህ «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሁድ ቀን መንገድ ሲዘጋ ሁላችንም አይተናል፣ ስለዚ ሐሳብ የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ ተማሪ ትራንዚተር ነው፣ ተነሳና «ዠ ስዊ ኮንትር» (እቃወማለሁ) ብሎ ጀመረ፣ ሦስት ምክንያት በሥርዓት ደረደረ፦ ነጋዴው ገበያ ያጣል፣ አዛውንቶች ይቸገራሉ፣ ዕቃ ማራገፍ አይቻልም። ጥሩ ነበር፣ ቢ1 ላይ ቢሆን ጭብጨባ ነበር የሚገባው። ከዛ ነርስ የሆነችው ተማሪ ቀና አለችና እኛ ጋ መተንፈስ አቅቷቸው የሚመጡ ሕፃናት አሉ፣ የመኪናው ጭስ ነው፣ ለነሱስ ምን ትላለህ አለችው፣ በፈረንሳይኛ። እሱ ምን አደረገ፣ የመጀመሪያውን ምክንያት ድጋሚ ተናገረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እሷም ደገመች። እሱም ደገመ። ሁለቱም ቃል አላጡም፣ ሰዋስውም አላጡም፣ ያጡት የሌላውን ሐሳብ ተቀብሎ አዙሮ ወደ ራስ የማምጣት መንገዱን ነው።

ቢ2 ማለት እዛች ቦታ ላይ ነው ያለው። ፈረንሳዮቹ ለዚህ የተነጠፈ መንገድ አላቸው፦ «ሴርት» (እርግጥ ነው) ብለህ ትጀምርና የሰውየውን እውነት ታስቀምጣለህ፣ ከዛ «ሜ» (ግን) ብለህ የራስህን ታመጣለህ፣ ወይ «ኢል ኤ ቭሬ ክ» (እውነት ነው) ብለህ ትቀበልና «ኢል ናንፔሽ ክ» (ይሁንና) ብለህ ትመለሳለህ፣ ማነፃፀር ከፈለግክ «ኦን ርቫንሽ» (በአንፃሩ) አለልህ። እኔ ያን ማታ አንድ ሕግ አወጣሁ፣ ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የተናጋሪውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይድገም፣ ተናጋሪውም «ዊ፣ ሴ ሳ» (አዎ፣ እሱ ነው) እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይችልም። ልጁ ተጨነቀ፣ ጀመረ፣ ተወ፣ ደግሞ ጀመረ፣ በመጨረሻ ምን አለ መሰላችሁ፣ አየሩ ሕፃናቱን እየጎዳ እንደሆነ እቀበላለሁ፣ ሆኖም ሙሉ በሙሉ ከመከልከል እሁድ ጠዋትን ብቻ ብንዘጋና ለዕቃ ማራገፊያ ሌሊቱን ብንተው ይሻላል አለ። ክፍሉ ዝም አለ፣ ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። በዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቀበል አለ፣ መለየት አለ፣ አማራጭ ማቅረብ አለ። ለኔ ያ ልጅ ቢ2 የገባው ያን ማታ ነው፣ ፈተናውን የወሰደው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ይሄ ነገር ደግሞ ለኛ አዲስ መሆን የለበትም። እኛ እኮ በላ ልበልሃ የነበረን ሰዎች ነን። አያቶቻችን ዛፍ ሥር «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የባላጋራን ንግግር መልሶ መያዝ፣ ከራሱ አፍ ወስዶ መርታት ያውቁ ነበር፣ አዳማጩም ማን ረታ የሚለውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ችሎታው በደማችን ውስጥ አለ፣ እኛ የምንጨምረው ፈረንሳይኛውን ነው። ተማሪዎቼ ዝም ሲሉብኝ ይሄንን ነው የማስታውሳቸው፣ ይሠራልም።

አሁን ትልቁን እንቅፋት ልናገር። ክርክሩ ሲሞቅ ወደ አማርኛ እንሸሻለን። ሁሌ ነው። በቡድን አራት አራት ሆነው ሲወያዩ የመጀመሪያዋ አምስት ደቂቃ ፈረንሳይኛ ትሆናለች፣ ከዛ አንዱ የእውነት ሲናደድ ወይ የእውነት ሲያስቅ በቃ አማርኛ ይመጣል፣ ሁሉም ይከተላል። እኮ ያቺ ሰዓት ናት የምትፈለገው! ቀዝቀዝ ብሎ ስለ አየር ፀባይ ማውራትማ ቢ1 ላይ ጨርሳችሁታል፣ ቋንቋ የሚሰፋው ልትሉት የፈለጋችሁት ነገር ካላችሁ ቋንቋ ሲበልጥ ነው። ስለዚ እለምናችኋለሁ፣ ያቺ ሰዓት ስትመጣ ቃል ቢጠፋችሁም ዙሩት፣ አስረዱት፣ በእጅም አሳዩት፣ ግን ከፈረንሳይኛው አትውጡ። ቃሉን አስተማሪው ይሰጣችኋል፣ ለዛ ነው እዛ የቆመው።

አስተማሪውም የራሱ ድርሻ አለው፣ ይሄን ለባልደረቦቼም እላለሁ። ቢ2 ላይ ተማሪ ሲናገር ከስም በፊት በሚገቡት በየ«ለ»ው (ወንድ) እና በየ«ላ»ው (ሴት) ስህተት ማቋረጥ ክርክሩን ይገድለዋል። እኔ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ፣ በእያንዳንዱ ሰው ስም ሥር ሁለት ሦስት ስህተት እጽፋለሁ፣ የሚደጋገመውን ብቻ፣ ሲጨርሱ ለየራሳቸው እሰጣለሁ። የዚያን ቀን የተሰጣችሁን ስህተት በሚቀጥለው ክፍል ሆን ብላችሁ ትክክሉን ተጠቀሙበት። ደክሟችሁ እንደምትመጡም አውቃለሁ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ የሰው ጭንቅላት የግሥ ርባታ ሰንጠረዥ አይቀበልም፣ ለዚህ ነው እኔ መጀመሪያ ወሬ የማስቀድመው፣ ወሬ ያነቃል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምትጽፉ ደግሞ፣ ማስታወሻችሁ በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን ከማታ ክፍሉ ዋናውን ሳትወስዱ እየሄዳችሁ ነው፣ ወደ ፊት ኑ።

ሰዋስው አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስላችሁ፣ ያስፈልጋል፣ ቤት ይሠራ ነው የምለው። የሚያስፈራችሁ ሱብዦንክቲፍ፣ ለተፈለገ ወይ ገና ላልሆነ ነገር የሚውለው የግሥ ቅርጽ፣ ነው አይደል? ይሄንን አማርኛችሁ ራሱ ያግዛችኋል። እኛ «እፈልጋለሁ» ካልን በኋላ «ይመጣል» አንልም፣ «እንዲመጣ» ነው የምንለው፣ ገና ያልሆነውንና የተፈለገውን ከሆነው ለይተን ነው የምንናገረው። «ምንም እንኳ» ስንልም «ቢመጣም» ብለን እንጨርሳለን፣ ፈረንሳይኛውም «ቢያን ክ» (ምንም እንኳ) ካለ በኋላ ሱብዦንክቲፍ ነው የሚጠይቀው። «አቫን ክ» (ከ… በፊት) ሱብዦንክቲፍ ይወስዳል፣ ነገሩ ገና አልሆነም፣ «አፕሬ ክ» (ከ… በኋላ) ግን በሥርዓቱ ኢንዲካቲፍ፣ ማለትም ተራው የግሥ ቅርጽ፣ ነው፣ ነገሩ ሆኗልና። ሁሌ ልክ በልክ ይገጥማል አልልም፣ ግን ዝርዝሩን በቃል ከመሸምደድ ይሄን ስሜት ይዞ መነሳት በጣም ይቀላል። ከዛ ቀጥሎ ጊዜ የምታጠፉበት ስምን ከማብራሪያው ጋር የሚያያይዙት «ዶን» እና «ለኬል» ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም እኛ ማብራሪያውን ከስሙ በፊት ነው የምናመጣው፣ «ትላንት ያወራሁልህ መጽሐፍ» እንላለን፣ እነሱ መጽሐፉን አስቀድመው ማብራሪያውን ከኋላ ይጎትታሉ፣ ይሄ አፍ ላይ እስኪገባ ድረስ ብዙ መናገር ይፈልጋል።

ጽሑፍ ላይ ደግሞ አንድ የማየው ነገር አለ። ለከተማው ከንቲባ ደብዳቤ ጻፉ ስላቸው ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዛ ስለ ከተማዋ ውበት፣ ከዛ ስለ ሰፈሩ ታሪክ፣ እና ልመናው አራተኛው አንቀጽ ላይ ይመጣል። ይሄ በአማርኛ ጨዋነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ሰው ዘሎ ጉዳዩን አይናገርም። ፈረንሳይኛ ደብዳቤ ግን «ማዳም፣ መስዩ» ካለ በኋላ «ዠ ም ፔርሜ ደ ቩ ዜክሪር» (ልጽፍልዎ ደፍሬአለሁ) ብሎ ወዲያው ለምን እንደጻፈ ይናገራል፣ ጨዋነቱን የሚያስቀምጠው በሰዋስው ውስጥና መጨረሻ ላይ ባለችው ረጅም የመሰናበቻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚ ሐሳባችሁን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አውጡት፣ አራሚው ምን ልትሉ እንደሆነ እየፈለገ እንዳይደክም። ከዛ አንድ አንቀጽ አንድ ምክንያት፣ ከምሳሌ ጋር፣ ምሳሌውም ከራሳችሁ ሕይወት ይሁን። የመርካቶ ነጋዴ ስለ ንግድ የሚጽፈው ከመጽሐፍ ከተገለበጠው ሁሌ ይበልጣል።

ማዳመጥን በተመለከተ አጭር ልሁን። መጽሐፍ ላይ «ዠ ን ሴ ፓ» (አላውቅም) ተብሎ የተማራችሁት መንገድ ላይ «ሼ ፓ» ነው፣ «ኢል ኢ ያ» (አለ) የሚለው «ያ» ብቻ ነው፣ «ን» የምትባለው አሉታዋ ወሬ ላይ ትጠፋለች። ፈረንሳዮች ፈጠኑ አትበሉ፣ የዋጡትን ማወቅ ነው። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ ኤርኤፍኢ፣ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያዘጋጀው ዕለታዊ ዜና አለ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ቴቬ5 ሞንድም ለየደረጃው መልመጃ ያለው ነፃ ገጽ አለው። ሙሉውን አንዴ ከመስማት ሁለት ደቂቃውን ቆርጣችሁ ቃል በቃል ጻፉት፣ ያልሰማችሁት ቦታ ላይ እየመለሳችሁ፣ ከዛ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። አሰልቺ ነው፣ ግን ጆሮ የሚከፈተው እንደዛ ነው። ድምፅ ላይም «ቱ» እና «ቲ» መሃል ያለችው፣ እኛ ጋ የሌለችው ድምፅ አለች፣ ከንፈርን «ኡ» አድርጎ ምላስን «ኢ» ማለት ነው፣ መስታወት ፊት ተለማመዷት።

ፈተናውን ላነሳ፣ መቼም ስለሱ ሳትጠይቁኝ አትሄዱም። ዴልፍ የፈረንሳይ መንግሥት የፈረንሳይኛ ምስክር ወረቀት ነው፣ የቢ2ው ፈተና አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ25፣ ድምሩ ከ100፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ግን አንዱ ክፍል ላይ ከ5 በታች ከመጣ ድምሩ ምንም ቢሆን ወድቃችኋል። ጽሑፉ አንድ ሰዓት ነው፣ ቢያንስ 250 ቃል። የንግግር ፈተናው 30 ደቂቃ መዘጋጃ አለው፣ ከዛ ወደ 20 ደቂቃ ከፈታኞች ጋር ነው፦ አጭር ጽሑፍ ይሰጣችኋል፣ ጉዳዩን አውጥታችሁ አቋም ትይዛላችሁ፣ ከዛ ይሞግቷችኋል። አያችሁ፣ ያው የነርሷ ጥያቄ ነው። ፈታኙ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል አቋሜ ተሳስቷል ማለት ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ፣ ተሳስታችኋል ማለቱ አይደለም፣ ሥራውን እየሠራ ነው፣ እንድትከላከሉ በር እየከፈተላችሁ ነው። አቋማችሁን አትጣሉ፣ የሱን ተቀበሉና የራሳችሁን አጥሩ።

መጨረሻ ላይ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ። አንዷ እህት ለካናዳ ነው የምፈልገው፣ ዴልፍ ይበቃኛል ወይ አለች። ለካናዳ የፌዴራል ኢሚግሬሽን የሚቀበሉት ቴኤፍ ካናዳ ወይ ቴሴኤፍ ካናዳ የሚባሉትን የፈረንሳይኛ ፈተናዎች ነው፣ የነሱ ውጤት ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ዴልፍ ግን ጊዜ አያልፍበትም። ስለዚ ለካናዳ ከሆነ መጀመሪያ ደረጃሽን አድርሺ፣ ከዛ የማመልከቻሽን ጊዜ አስበሽ ፈተናውን ያዢ፣ ቀድመሽ ከወሰድሽው ሊያልፍብሽ ይችላል።

አንድ ጠና ያሉ አባት ደግሞ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ሥራም ጉዞም አልፈልግም፣ ወጣቱ መሃል ገብቼ ክርክሩን አልችለውም ብዬ ፈራሁ አሉ። እርስዎማ ነው የሚፈለጉት አልኳቸው። ሐሳብ ያለው ሰው ነው ክፍሉን የሚያቆመው፣ እርስዎ የኖሩትን ሰፈር ለማስረዳት ሲሉ ሌላው ተማሪ ለመጠየቅ ይገደዳል፣ ሁለታችሁም ትማራላችሁ። የመጀመሪያው ርዕስ «ድሮ ጎረቤት ይሻል ነበር ወይ» የሚል ነው፣ ማክሰኞ 12 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ ሁላችሁም አቋማችሁንና አንድ የተቃራኒ ምክንያት ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ።